ቤት በከዚራ፦ ከሸመንደፈር እስከ ዛሬ

ከዚራ ቤት ሳይሠራበት ሐዲድ የተዘረጋበት የድሬዳዋ ሰፈር ነው። ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. መሠራት የጀመረው የባቡር መንገድ፣ ሸመንደፈሩ፣ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ከበረሃው ተነስቶ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ መውጣቱ ግን ከኩባንያው ኪስ በላይ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ሥር፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ኢሳዎችና ጉርጉራዎች ከብትና ግመል በሚያሰማሩበት ሜዳ እንዲያልፍ ተወሰነ። ባቡሩ ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ደረሰ። ዳግማዊ ምኒልክ ቦታውን አዲስ ሐረር አሉት፤ ስሙ አልጸደቀም፤ ሕዝቡ ድሬዳዋ እንዳለ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሐዲዱ ለዓመታት ከዚህ አላለፈም። የመጀመሪያው ኩባንያ በ1899 ዓ.ም. ከሰረ፤ ተተኪው የፈረንሳይ ኩባንያ ሥራውን ተረክቦ አዲስ አበባ እስኪደርስ 1909 ሆነ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ እዚህ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ይጫናል፤ ከደጋ የመጣ ቡናና ቆዳ እዚህ ተከማችቶ ፉርጎ ይጠብቃል። መካኒኩ፣ የጉምሩክ ጸሐፊው፣ አስተርጓሚው፣ ነጋዴው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ የነጋድራስ ሰው፣ ሁሉም ጣሪያ ይፈልጋል። ሜዳው ላይ ግን ጣሪያ የለም።

እኔ ከዚራ ያደግሁ፣ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። በየክረምቱ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ስልኬ ይጮኻል። የቀድሞ ተማሪዬ ወይም የእሱ ጓደኛ ወደ ድሬ ተዛውሯል፤ ባለትዳር ነው፤ ልጆች አሉት። «እትዬ፣ ከዚራ አካባቢ ቤት ይገኝ ይሆን? ዋጋው ቀለል ያለ» ይለኛል። ደላላው ጋ ስደውል ከዋጋው በፊት የምጠየቀው ጥያቄ አለ፦ «የት ነው የሚሠራው?» ይህን ጥያቄ አባቴም ተጠይቆታል። ከአባቴ በፊት የነበሩትም ተጠይቀዋል። ከዚራ ላይ ቤት የሚገኘው በቀጣሪህ በኩል እንጂ በገንዘብህ ብቻ አይደለም፤ ይህ ነገር ሰፈሩ ከተቆረቆረ ጀምሮ ያለ ነው። ሰዎች «ኪራይ ተወደደ» ሲሉ ስሰማ፣ ዱሮ ርካሽ የነበረው ለማን እንደነበር ማውራት እፈልጋለሁ።

ኩባንያው ቤት የሠራው ለራሱ ሰዎች ነው። መንገዶቹን በገመድ ለክቶ ቀጥ አድርጎ አወጣቸው፤ ግራና ቀኝ ዛፍ ተከለ፤ አደባባይ ሠራ። ቤቶቹ ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ ዙሪያቸውን በረንዳ፣ መስኮታቸው ነፋስ እያስገባ ፀሐይ የሚከለክል የእንጨት መዝጊያ ያለው ነበር። ከዚራን ያየ ሰው ዛሬም የሚያደንቀው ይህንኑ ነው። ይህ ሁሉ የተሠራው ግን ለፈረንሳዊው ሹም፣ ለግሪኩ የሐዲድ ሠራተኛ አለቃ፣ ለጣቢያው ኃላፊ ነው። ግሪኮቹ ቀድመው ከመጡት መካከል ናቸው፤ ግሪክ ካምፕ የሚባለው ሰፈር ስማቸውን እንደያዘ አለ። አርመኖችም፣ ጣሊያኖችም፣ ሕንዶችም፣ የመኖችም መጡ። የመሐመድአሊ የንግድ ቤት በዚህች ከተማ ስሙ የሚታወቅ ነበር።

ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ደግሞ መጋላ አደገ። መጋላን ለክቶ የሠራው የለም። ሐረሪው፣ ዐረቡ፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው እንደ አቅሙ ሠራ፤ ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ፤ መኖሪያው ሲበቃ የተረፈችው ክፍል ትከራያለች። ደሞዝተኛ ያልሆነ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ተሸካሚ፣ ከገጠር ሥራ ፍለጋ የወረደ ሰው ቤት ያገኘው እዚያ ነው። ከዚራና መጋላ አንድ ከተማ ናቸው ይባላል፤ እውነት ነው፤ ድሬ ተጋብቶ፣ ተዋልዶ፣ አንድ ሳህን ላይ በልቶ የኖረ ሕዝብ ነው። ቤት አሰጣጡን በተመለከተ ግን ወንዙ ወሰን ነበር። ከወንዙ ወዲህ ቤት የሚሰጥህ መሥሪያ ቤትህ ነው፤ ከወንዙ ወዲያ የሚያከራይህ ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ያዝንልሃል፣ ወር ያሳልፍልሃል፣ ወይም ያስወጣሃል። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ስለሆነ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፤ ከዚራ ሠርቶ መጋላ የሚያድር ብዙ ነበር።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሚንቶና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከሉ። ከተማዋ መጋቢት 1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ፋብሪካዎቹ ቀሩ፤ ሠራተኛውም ቀጠለ። በዚያን ጊዜ ከሸዋ፣ ከጨርጨር፣ ከሐረር ደጋ፣ ከወሎ ሳይቀር ሰው ወደ ድሬ ወረደ። የባቡሩ ዋና መጠገኛ እዚህ ስለነበረ በመስመሩ ላይ ያሉ ሠራተኞችም ወደዚህ ይዛወሩ ነበር። አባቴ በዚህ መንገድ ነው የመጣው፤ በ1955 ዓ.ም. ከአዋሽ ጣቢያ።

አባቴ ብቻውን ቀድሞ መጣ፤ እናቴና እኛ ልጆቹ አዋሽ ቀረን። የሚያውቀው የሥራ ጓደኛው በረንዳ ላይ እያደረ ቤት ፈለገ። የኩባንያው ቤት ለእሱ ደረጃ አይሰጥም ነበር። ዋና ቤት የሚከራዩት ነጋዴዎችና የመንግሥት ሹማምንት ናቸው። እሱ የሚችለው ከግቢ ጀርባ ያሉትን ሰርቪስ ክፍሎች ነው፤ እነሱንም ማግኘት ቀላል አልነበረም፤ አከራዮቹ ልጅ የበዛበትን ሰው አይወዱም። ውሃው ያልቃል፣ ግቢው ይረበሻል፣ ሽንት ቤቱ አይበቃም ይላሉ። ዛሬም የሚሉት ይህንኑ ነው። ላጤ ቤት የሚያገኘው በአንድ ቀን ነው፤ ሦስት ልጅ ያለው ሰው ጫማው ያልቃል።

በመጨረሻ ከጣቢያው ጀርባ ባለው መንገድ ላይ፣ ባሏ የሞተባት አንዲት አርመናዊት ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተገኘ። ሴትየዋ ዋስ ጠየቀች። አባቴ ዋስ የሚሆነው ዘመድ ድሬ ውስጥ አልነበረውም። የሥራ ጓደኛው «ሸመንደፈር ነው» አላት፤ በቃ። ባቡር ላይ የሚሠራ ሰው በየወሩ ይከፈለዋል፤ ካልከፈለም መሥሪያ ቤቱ ይታወቃል። ኪራዩ 24 ብር ነበር፤ ከደመወዙ ሩብ ገደማ። እናቴ ያን ጊዜ ስለከፈሉት ገንዘብ ስታወራ ሁልጊዜ በረጅሙ ትተነፍስ ነበር፤ የቀረው ለምግብ፣ ለልብስ፣ አዋሽ ላሉት አያቴ ይዳረሳል።

ስለዚያ ቤት ብዙ መጻፍ እችላለሁ። ክፍሎቹ ለአሽከር የተሠሩ ስለነበሩ ጣሪያቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ቆርቆሮው ከቀትር በኋላ እሳት ይሆናል። የዋናው ቤት በረንዳ ግን ጥላው እስከ እኛ በር ይደርስ ነበርና ሴትየዋ ልጆች እዚያ እንድንቀመጥ አትከለክልም። በሙቀቱ ወራት ማንም ቤት ውስጥ አያድርም፤ አልጋም ምንጣፍም ግቢ ወጥቶ በኒሙ ዛፍ ሥር ይደረደራል፤ የእኛ፣ የሴትየዋ፣ በአጠገባችን የነበሩት የመናዊ ባልና ሚስት። ቧንቧው አንድ ነው። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይሠራል፤ እናቴ በሎሚ ትፈቀፍቀው ነበር። የኪራዩ ቀን ሲደርስ አባቴ ልብሱን ቀይሮ ወደ ፊት ለፊቱ ቤት ይሄዳል፤ ሴትየዋ ደረሰኝ ትጽፍለታለች፤ ቡና ይጠጣሉ። የቤተሰብ ቤት የምለው ይህንን ነው። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ተከራይቶም ጎረቤት መሆን ይችላል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ማንም ቤት አከራይቶ ገቢ እንዳያገኝ ተከለከለ። ለመኖሪያ የሚሰጥ ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። እስከ 300 ብር የሚከራዩ ቤቶች ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ ትልቁ ቅናሽ ለትንሹ ኪራይ ነበር። ከ100 ብር በታች የሚከራዩት በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሚከራዩት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። ከዚራ ሁለቱም አሉት፤ በረንዳ ያላቸው ትልልቆቹ ቪላዎች ለኪራይ ቤቶች፣ ከኋላቸው ያሉት ክፍሎች ለቀበሌ። በአንድ አጥር ውስጥ ሁለት አከራይ።

የእኛ ኪራይ 12 ብር ሆነ። አባቴ ያን ቀን አልጨፈረም፤ ግን በወር የተረፈውን 12 ብር ምን እንዳደረገው አውቃለሁ፤ ታላቅ እህቴን ከቤት ሥራ አውጥቶ ትምህርት ቤት መለሳት፤ እኔንም አንድም ዓመት ሳያቋርጥ አስተማረኝ። ያ አዋጅ ባይኖር መምህርት አልሆንም ነበር። ይህን የምናገረው ሳልሸማቀቅ ነው። የተማሪ ወላጆች የቤት ኪራይ በግማሽ ሲቀንስ የሚለወጠው የአንድ ትውልድ ዕድል ነው።

ሴትየዋም አጠገባችን ነበረች። ከኋላ ያሉት ክፍሎች ኪራይ መተዳደሪያዋ ነበር፤ ሌላ አልነበራትም። ዋናው ቤት ተተወላት። አባቴ ኪራዩን ለቀበሌው ጸሐፊ ከከፈለ በኋላ እንደ ዱሮው ልብሱን ቀይሮ ወደ እሷ ይሄድ ነበር፤ የሚሰጣት ገንዘብ ግን የለውም፤ ቢሰጣትም ብትቀበለውም ወንጀል ነው። እናቴ ለፋሲካና ለገና ከሠራችው ሁሉ ትልክላታለች። በኋላ ልጆቿ ወዳሉበት አገር ሄደች። ግቢውን ለመሰናበት አንድ በአንድ እየዞረች ኒሙን ስትነካ አይቻታለሁ። ዋናውም ቤት ወደ ቀበሌ ዞረ፤ ሦስት ቤተሰብ ገባበት፤ ነፋስ ይዞ ይመጣ የነበረው በረንዳ በቆርቆሮ ተከልሎ ክፍል ሆነ።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ወገን ሆነው የሚከራከሩ ሰዎችን አውቃለሁ። አንዱ አዋጁ ድሃን አዳነ ይላል፣ ሌላው ሀብት ዘረፈ ይላል። በእኛ ግቢ ሁለቱም ሆነዋል። እኔን ከሁለቱም በላይ የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነገር ነው፦ ከዚያ ወዲህ ማን ሠራ? ኩባንያው ለራሱ ሰው ይሠራ ነበር፤ ነጋዴው ለኪራይ ይሠራ ነበር። ማከራየት ሲከለከል ነጋዴው አቆመ፤ ቀበሌ በ12 ብር ኪራይ ቆርቆሮ ሊቀይር እንኳ አይችልም። ከ1967 በፊት ድሬ የገባ ሰው ቤቱን ይዞ ቀረ፤ በ1975 የመጣው ግን ደባል ሆኖ፣ በስውር ከፍሎ፣ «ዘመድ ነኝ» እያለ ኖረ። የቀበሌ ቤት ርካሽ ነበር፤ ርካሽነቱ ግን አስቀድሞ ውስጥ ለነበረ ሰው ነው። አባት ሲሞት የኪራይ ደብተሩ ለልጅ ያልፋል። በእኛ ግቢም ታናሽ ወንድሜ ዛሬም አለ።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ካይሮ ውስጥ በግብፅ አብዮት ዘመን ኪራያቸው የታሰረ ቤቶች ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፉ ከአንድ ምሳ ዋጋ ባነሰ ኪራይ ኖረዋል፤ የግብፅ ፓርላማ ይህን የሚያበቃ ሕግ ያወጣው ገና በ2017 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ለመኖሪያ ቤት የ7 ዓመት መሸጋገሪያ ሰጥቶ። እኛም አንድ ቀን ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት እንጋፈጠዋለን። ያን ቀን ወንድሜና ጎረቤቶቹ ሜዳ ላይ እንዳይወድቁ ዛሬ ማሰብ ያስፈልጋል።

ወደ ድሬ ልመለስ። ነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ሲያጠቃ ከተማዋ አልተያዘችም፤ የባቡሩ መስመር ግን ተቆረጠ። ከጅጅጋ በኩል የሸሹ ቤተሰቦች ወደኛ መጡ። እናቴ አንዱን ክፍል ለአንዲት እናትና ለልጆቿ ለቀቀች፤ ኪራይ አላነሳችባትም፤ ቀበሌውም አይቶ እንዳላየ አለፈ። በዚያ ዓመት ከዚራ ውስጥ በእያንዳንዱ ግቢ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ድሬ የሚመሰገንበት ነገር ይህ ነው፤ ሕግ የከለከለውን ጎረቤት ሰጠ።

ከ1983 በኋላ ማከራየት ተፈቀደ፤ መሬቱ በሊዝ ሆነ፤ ከተማዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ሆነ። በ1987ቱ ቆጠራ ከተማዋ ውስጥ ወደ 165 ሺህ ሰው ነበር፤ በ1999ኙ ከ233 ሺህ በላይ። ይህ ሁሉ ሰው የት ገባ? ሳቢያን አደገ፤ አዲስ ከተማ ሞላ፤ ለገሃሬና ገንደ ቆሬ ተጨናነቁ። የቤት ኪራይ አልችልም ያለው ደግሞ ወደ ደቻቱ ዳር ወረደ። የአሸዋው ወንዝ ለከዚራም ለመጋላም፣ ለቀፊራ ገበያም ቅርብ ነው፤ ሥራው እዚያ ነው፤ የታክሲ ገንዘብ አያስፈልግም። በጭቃና በቆርቆሮ የተሠራች አንድ ክፍል በከተማዋ ውስጥ ካለው ኪራይ ሁሉ ታንስ ነበር። ያን ጊዜ ከተማሪዎቼ መካከል ብዙዎቹ ከዚያ ይመጡ ነበር። እናቶቻቸው ቀፊራ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ሳምቡሳ ይሸጣሉ።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. እሑድ ሊነጋ ሲል ደቻቱ መጣ። ድሬ ላይ የዘነበው አይደለም፤ ዝናቡ የወረደው ከላይ ከደንገጎና ከሐሮማያ ደጋ ነው፤ ውሃው በጨለማ ቁልቁል ሲመጣ የተኛው አልሰማም። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። በእኛ ትምህርት ቤት መስከረም ላይ ስም ስጠራ ዝም ያሉ ስሞች ነበሩ። ጋዜጣው የተፈጥሮ አደጋ አለው። እኔ እስከዛሬ የቤት ኪራይ አደጋ እለዋለሁ። ወንዙ ጎርፍ እንዳለበት ሁሉም ያውቅ ነበር፤ በ1973 ዓ.ም.ም መጥቶ ሰው ወስዷል። ሰዎቹ እዚያ የኖሩት ስለማያውቁ አይደለም፤ ከሥራቸው በእግር በሚደረስበት ቦታ የሚችሉት ኪራይ እዚያ ብቻ ስለነበረ ነው። ከኩባንያ ያልሆነ፣ ከቀበሌም ያልሆነ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ይህ ሆነ።

ከጎርፉ በኋላ ወንዙ ዳር ግንብ ተሠራ፤ ኮንዶሚኒየምም ተሠራ። ኮንዶሚኒየሙን አልንቅም፤ የደረሰው ቤተሰብ አርፎ ተኝቷል። ግን ኮንዶሚኒየም የሚሰጠው ለተመዘገበ፣ ለቆጠበ፣ ዕጣ ለወጣለት ነው። ባለፈው ሳምንት በዝውውር የመጣ ነርስ፣ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲው የቀጠረው መምህር ዕጣ የለውም፤ እሱ የሚከራየው ዕጣ ከወጣለት ሰው ነው፤ ባለዕድሉ ደግሞ የባንክ ዕዳውን ጨምሮ ያከራየዋል።

እስከዚያው ከዚራ ላይ ባቡሩም ራሱ ሄደ። የአዲስ አበባው የዱሮ መስመር ቆመ፤ በ2009 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማ ውጭ ነው። ያ ታላቅ መጠገኛ፣ ያ ግቢ፣ እነዚያ የሠራተኛ ቤቶች ከዚራ መሐል እንዳሉ ናቸው። ሸመንደፈር ነኝ ብሎ ቤት መከራየት ቀረ። ዛሬ ደላላው «የት ነው የሚሠራው?» ሲል መስማት የሚፈልገው መልስ ባንክ፣ ድርጅት፣ ነፃ ቀጠና ነው። መምህር ሲባል ድምፁ ይቀንሳል፤ ደመወዙን ያውቀዋልና።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጣ። ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን፣ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ እንዲደረግ ደነገገ። ለሚደውሉልኝ ሁሉ ይህን አዋጅ እነግራቸዋለሁ። ልጅ ላለው ሰው የ2 ዓመት ውል ማለት ልጁ በአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል ይጨርሳል ማለት ነው፤ አስተማሪ ሆኜ የማውቀው ነገር ይህ ነው፤ በየስድስት ወሩ ቤት የሚቀይር ልጅ ትምህርቱ ይፈርሳል። አከራዮች ውሉን ላለማስመዝገብ ሲለምኑ፣ ስድስት ወር አስቀድመህ ክፈል ሲሉ ሰምቻለሁ። ለእነሱም የምለው አለኝ፤ የዚያች የአርመናዊት ግቢ ልጅ ነኝና አከራይ ጠላት ነው ብዬ አላስብም። ብዙዎቹ ባልቴቶች፣ ጡረተኞች ናቸው፤ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ነው መተዳደሪያቸው። ቢመዘገቡ ግብር እንዳይጎዳቸው የከተማው አስተዳደር በግልጽ ይንገራቸው።

ቤት ፈላጊው ከእኔ ጋር ሲዞር ስለ ዋጋው ቀድሜ አላወራም። መጀመሪያ ጣሪያውን አያለሁ፤ ኮርኒስ ከሌለውና ቆርቆሮው ዝቅ ካለ ልጆች ቀትር ላይ አይተኙም፤ ቬንትሌተሩ የሚበላው መብራት ኪራዩ ላይ ይደመር። ከዚያ ቧንቧውን እጠይቃለሁ፤ ውሃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ ታንከር አለ ወይ፣ የጋራ ከሆነ ሂሳቡ እንዴት ይካፈላል። ከዚያ ግቢ ውስጥ ያለውን ጥላ። ከዚያ ጎረቤቱን። ከደቻቱ ያለውን ርቀት ሳልጠይቅ በዓይኔ እለካዋለሁ፤ ስለዚህ ነገር ምንም ዓይነት ቅናሽ አልቀበልም። ከዚራ ላይ ኪራዩን ካልቻለ ወደ ሳቢያን ወይም ወደ ግሪክ ካምፕ እንሄዳለን፤ የባጃጁን ወጪ ደምረን እናሰላለን፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። የሰውየው ደመወዝ ግማሽ በኪራይ ሲሄድ አያለሁ፤ አባቴ ሩቡን ሲከፍል እናቴ በረጅሙ ትተነፍስ እንደነበር አስባለሁ።

ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና አላት። ቀጠናው ሰው ይቀጥራል፤ ሌላም ሰው ይጠራል። ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ አይደለም፤ በ1895ም የሆነው ይኸው ነው፤ ሥራ መጣ፣ ሰው ተከተለ፣ ቤት ቀረ። ያን ጊዜ ኩባንያው ቢያንስ ለራሱ ሰዎች ሠርቶ ነበር፤ በረንዳው እስከዛሬ ቆሟል። የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን በአዲስ አበባና በዚህች ከተማ ዛሬም ቤቶች ያስተዳድራል፤ የከተማው አስተዳደር የቀበሌ ቤቶች አሉት፤ የባቡሩ ሰፊ ግቢ ከዚራ እምብርት ላይ ነው። ሦስቱም የሕዝብ ናቸው። እዚያ ላይ ለሽያጭ ሳይሆን ለኪራይ፣ ለዕጣ ሳይሆን ለተዛወረና ለተቀጠረ ቤተሰብ፣ ሁለትና ሦስት ክፍል ያላቸው፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳ ያላቸው ቤቶች ይሠሩ። ኪራያቸው ከመምህር ደመወዝ ሩብ አይበልጥ፤ ከዚያው ኪራይ ላይ ለቆርቆሮና ለቧንቧ ጥገና የሚሆነው በየወሩ ተለይቶ ይቀመጥ። የሚቀጥለው የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ በጀት ሲያጸድቅ ለዚህ አንድ ረድፍ ይክፈት፤ እኔም ከወንድሜና ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኜ ለዚህ የሚሰበሰበውን ፊርማ ለማሰባሰብ ዝግጁ ነኝ።